ለኮድ ኤጀንት ተጨማሪ መሣሪያ፦ ዝግጁውን መጫን ወይስ የራስን መሥራት?

ኮድ የሚጽፍ ኤጀንት (በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የሚሠራ ረዳት ፕሮግራም) አንዱን ስህተት ደጋግሞ ሲሠራ ወይም የሚያስፈልገው መረጃ ጋ መድረስ ሲያቅተው፣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ለዚህ የሚሆን ፕለጊን አይጠፋም» የሚል ሐሳብ ነው። እውነትም አይጠፋም። ተፈልጎ ይገኛል፣ ይጫናል፤ ኤጀንቱ ግን ያንኑ ስህተት ይደግማል። ሌላው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል፦ ሦስት መስመር መመሪያ ይበቃው ለነበረ ጉዳይ ኤጀንቱን ከሌላ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ሙሉ ሰርቨር ይጽፍና ለወራት ሲጠግነው ይኖራል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ኤጀንቱ ምን እንደጎደለው ሳይለዩ ወደ መሣሪያው ሮጡ።

ጉድለቱ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው እውቀት ነው፦ ቡድናችሁ ስህተቶችን እንዴት እንደሚመዘግብ፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ፣ አንድ ላይብረሪ ለምን እንደተተወ ኤጀንቱ አያውቅም። ሁለተኛው መዳረሻ ነው፦ የቲኬት መዝገቡን፣ ዳታቤዙን ወይም ብራውዘሩን መንካት አይችልም። ሦስተኛው ልጓም ነው፦ ደንቡን ያውቀዋል፣ ግን አልፎ አልፎ ይጥሰዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መዳረሻን በተቻለ መጠን ከሌላ ውሰዱ፤ እውቀትንና ልጓምን ራሳችሁ ጻፉ። ጊትሀብን (የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎቱን) ከኤጀንት ጋር ማገናኘት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሥራ ስለሆነ ደግማችሁ የምትሠሩበት ምክንያት የለም። የእናንተ ቡድን ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ይቀላቀል የሚል ጥያቄ) ምን መምሰል እንዳለበት ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

እውቀት ሲጎድል

መነሻው የመመሪያ ፋይል ነው። ኮድ ጻፊ ኤጀንቶቹ ኮዴክስ፣ ከርሰርና ኮፓይለት ከፕሮጀክቱ ፎልደር «ኤጀንትስ.ኤምዲ» የተባለውን ፋይል ያነባሉ፤ ክሎድ ኮድ ደግሞ «ክሎድ.ኤምዲ»ን። ይህ ፋይል በእያንዳንዱ ውይይት መጀመሪያ ላይ ስለሚገባ፣ እዚያ መኖር ያለበት ሁልጊዜ የሚያስፈልግ ነገር ብቻ ነው፦ ቴስት የሚሠራበት ኮማንድ፣ የፎልደሮቹ አቀማመጥ፣ የማይነኩ ቦታዎች። ፋይሉ በረዘመ ቁጥር ኤጀንቱ ለእያንዳንዱ ደንብ የሚሰጠው ትኩረት ይሳሳል። ብዙ ሰው ኤጀንቱ ሲሳሳትበት አንድ መስመር፣ እንደገና ሲሳሳትበት ሌላ መስመር እየጨመረ ይሄድና በመጨረሻ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ደንቦች ይሰበሰባሉ። በየጊዜው ማንበብና መቀነስ ግድ ነው።

አንዳንዴ ብቻ የሚያስፈልግ አሠራር ወደ ስኪል ይሄዳል። ስኪል ማለት አንድ ፎልደር ነው፤ ውስጡ «ስኪል.ኤምዲ» የሚባል ፋይል አለ፣ ካስፈለገም ተጨማሪ ሰነዶችና ስክሪፕቶች ይኖሩታል። አንትሮፒክ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አስተዋወቀ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ክፍት ስታንዳርድ ሆኖ ወጣ፣ ሌሎች ኤጀንቶችም ተቀበሉት። ጥቅሙ ያለው አከፋፈቱ ላይ ነው። ውይይቱ ሲጀመር ኤጀንቱ የሚያየው የስኪሉን ስምና መግለጫ ብቻ ነው፤ ጥያቄው ከመግለጫው ጋር ሲገጥም ዋናውን ፋይል ይከፍታል፤ ተያያዥ ሰነዶቹን ደግሞ ሲያስፈልጉት ብቻ። ለስሙ እስከ 64፣ ለመግለጫው እስከ 1,024 ፊደል ይፈቀዳል፤ ዋናው ፋይል ደግሞ ከ500 መስመር ባይበልጥ ይመከራል።

የራስ ስኪል «አይሠራም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መግለጫው ላይ ነው። «ለዳታቤዝ ሥራ ይረዳል» የሚል መግለጫ ኤጀንቱ መቼ ሊከፍተው እንደሚገባ አይነግረውም። «አዲስ ሠንጠረዥ ወይም ዓምድ ሲጨመር፣ ማይግሬሽን ሲጻፍ ወይም የስኪማ ለውጥ ሲጠየቅ ተጠቀም፤ የማይግሬሽን ፋይሎችን አሰያየምና ለውጡን ወደ ኋላ የመመለሻ ደንቦችን ይዟል» የሚለው ግን ምን እንደያዘም፣ መቼ እንደሚፈለግም ይናገራል። ሰዎች ሲጠይቁ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ራሳቸው መግለጫው ውስጥ መኖር አለባቸው።

አዲስ ስኪል ስትጽፉ እንዲህ ፈትኑት። አዲስ ውይይት ክፈቱና የስኪሉን ስም ሳትጠሩ፣ ሊያስከፍቱት የሚገባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ስጡ፤ ከዚያ ተመሳሳይ ቃላት ኖሯቸው ሊያስከፍቱት የማይገባቸውን ሁለት። ሳይከፈት ከቀረ የጠያቂው ቃል መግለጫው ውስጥ የለም ማለት ነው። ያለ ቦታው ከተከፈተ መግለጫው ሰፍቷል። ሁለት ስኪሎች ለአንድ ጥያቄ የሚሻሙ ከሆነ ወይ አንድ አድርጓቸው፣ ወይ በየመግለጫቸው ላይ ለየትኛው ሥራ እንደማይሆኑ ጨምሩ። ውይይቱ አዲስ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ስኪሉን በጻፋችሁበት ውይይት ውስጥ ብትፈትኑት ኤጀንቱ ይዘቱን ቀድሞ ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ያለፈ ይመስላል።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ሊሰጥ የሚገባው ነገር በቃላት ባይገለጽ ይሻላል። የሚቀጥለውን የቨርዥን ቁጥር ማውጣት ወይም ሎግ (የፕሮግራም መዝገብ) ማጣራት ስክሪፕት ሆኖ ፎልደሩ ውስጥ ይቀመጥ፤ ስኪሉ «ይህን አስኬድ፣ ውጤቱን አንብብ» ይበል። ኤጀንቱ የስክሪፕቱን ኮድ ሳያነብ ውጤቱን ብቻ ስለሚወስድ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆጥርበት ቁራጭ) ይቆጠባል፣ አመክንዮውም በየጊዜው አይለዋወጥም።

ዝግጁ ስኪል የሚያዋጣው እውቀቱ ከቡድን ቡድን ካልተለያየ ነው፦ የፒዲኤፍ ቅጽ መሙላት፣ የኤክሴል ፋይል ማዘጋጀት፣ አንድን ፍሬምወርክ ከአሮጌ ቨርዥን ወደ አዲስ ማሻገር። በተለይ ከፍሬምወርኩ ሠሪዎች የመጣ ከሆነ ውሰዱት። «ንጹሕ ኮድ ጻፍ፣ ስህተቶችን በአግባቡ ያዝ» የሚሉ ጠቅላላ ምክሮችን የያዙ ስኪሎች ግን ሞዴሉ ቀድሞ የሚያውቀውን ስለሚደግሙለት ቦታ ከመያዝ በቀር የሚያመጡት ለውጥ የለም።

መዳረሻ ሲጎድል

ኤምሲፒ፣ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ያወጣው፣ ኤጀንትን ከውጭ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ክፍት ፕሮቶኮል ነው። በቀጣዩ ዓመት ኦፕንኤአይን ጨምሮ ሌሎችም ተቀበሉት። መልእክቶቹ በጄሰን-አርፒሲ 2.0 (በተወሰነ የመልእክት ቅርጽ) ይተላለፋሉ፤ ሰርቨሩ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ እንደ ፕሮግራም ሊነሣ ወይም በኤችቲቲፒ ከሩቅ ሊጠራ ይችላል። ዛሬ ለብዙ ታዋቂ አገልግሎቶች የኤምሲፒ ሰርቨር ይገኛል። ይህ ማለት ግን መጫን አለበት ማለት አይደለም።

ኤጀንታችሁ ተርሚናል ካለው መጀመሪያ የሚታየው አገልግሎቱ የተርሚናል ፕሮግራም እንዳለው ነው። ጊትሀብ አለው፣ ፖስትግሬስ አለው፣ ዶከር አለው፣ ትልልቆቹ ክላውዶችም አላቸው። ሞዴሎቹ እነዚህን ፕሮግራሞች በሥልጠናቸው ጊዜ በብዛት አይተዋቸዋል፤ የማያውቁት አማራጭ ቢኖር የእገዛውን ገጽ ራሳቸው ከፍተው ያነባሉ። ካልተጠሩ በስተቀር አንድ ቶክን አይወስዱም። ውጤታቸውንም ማጣራትና ወደ ፋይል መላክ ይቻላል፤ ከአንድ ሺህ መስመር ውስጥ አምስቱን ብቻ ማንበብ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ኤምሲፒ ሰርቨር ቦታውን የሚያገኘው ኤጀንቱ ተርሚናል ከሌለው፣ አገልግሎቱ በኦኦዝ (በብራውዘር ፈቃድ በሚሰጥበት የመግቢያ ሥርዓት) ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ወይም በጥሪዎች መካከል የሚቆይ ሁኔታ ካለ ነው። ብራውዘር ለመጨረሻው ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ገጹ ተከፍቶ፣ ተጠቃሚው ገብቶ፣ ቅጹ ግማሽ ተሞልቶ መቆየት አለበት። የማይክሮሶፍት ፕለይራይት ኤምሲፒ ሰርቨር ይህን ያደርጋል፤ ራሳችሁ ብትጽፉት ለረጅም ጊዜ ይዟችሁ ይቀራል።

የተዘጋጀ ሰርቨር ነፃ ቢሆንም ዋጋ አለው፤ የሚከፈለውም በኮንቴክስት፣ ማለትም ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው በሚችለው የጽሑፍ ቦታ ነው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ መግለጫና የግቤት ስኪማ (ምን ዓይነት ግቤት እንደሚቀበል የሚገልጽ ዝርዝር) ገና ምንም ሳትጠይቁ ወደ ሞዴሉ ሊገባ ይችላል። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ባወጣው ምሳሌ፣ አምስት ሰርቨሮች በድምሩ 58 መሣሪያ ይዘው ወደ 55,000 ቶክን ይወስዱ ነበር፤ የጊትሀቡ ብቻ በ35 መሣሪያ ወደ 26,000። የ200,000 ቶክን መስኮት ላለው ሞዴል ከሩብ በላይ የሚሆነው ሥራ ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ስማቸው የሚቀራረብ መሣሪያዎች ሲበዙ ደግሞ ኤጀንቱ የተሳሳተውን ይመርጣል። አንዳንድ ኤጀንቶች አሁን የመሣሪያ ዝርዝሩን ሲያስፈልግ ብቻ ፈልገው ይጭናሉ፤ የእናንተው ይህን ያደርግ እንደሆነ አረጋግጡ። ክሎድ ኮድ ላይ «ኮንቴክስት» የተባለው ኮማንድ የትኛው ክፍል ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ያሳያል፤ ሰርቨሩን ከመጫናችሁ በፊትና በኋላ ተመልከቱት። ከ35ቱ የምትጠቀሙት አራቱን ከሆነ የቀሩትን ዝጉ።

ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው ከመልሱ ነው። የአገልግሎቱን ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩትን በር) አንድ በአንድ ገልብጠው የተሠሩ ሰርቨሮች ለአንድ ቲኬት ጥያቄ ሙሉውን ጄሰን፣ ከባዶ መስኮቹና ከአምሳያ ሥዕል አድራሻዎቹ ጋር ይመልሳሉ። ክሎድ ኮድ የአንድ መሣሪያ መልስ ከ10,000 ቶክን ሲያልፍ ያስጠነቅቃል፤ ገደቡም፣ ካልተቀየረ፣ 25,000 ነው። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ገደቡን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ሰርቨሩ ለኤጀንት ታስቦ አልተሠራም።

ከመጫን በፊት የሚታይ አደጋ

ሌላ ሰው የጻፈው ሰርቨር በእናንተ ኮምፒውተር ላይ፣ በእናንተ መብት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 «ፖስትማርክ-ኤምሲፒ» በሚል ስም ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች መጋዘን) ላይ የተሰቀለ ጥቅል እስከ 1.0.15 ድረስ ንጹሕ ሆኖ ቆይቶ በ1.0.16 ተበከለ፤ በእሱ በኩል የሚላክ ኢሜይል ሁሉ በስውር ግልባጭ ወደ ሌላ አድራሻ ይሄድ ጀመር። ጥቅሉ ስሙን የተዋሰበት ድርጅት ሥራ አልነበረም። በዚያው ዓመት «ኤምሲፒ-ሪሞት» በተባለው ማገናኛ ላይ ሲቪኢ-2025-6514 የሚል መለያ የተሰጠው ክፍተት ተገኘ፤ ተንኮለኛ ሰርቨር ከሩቅ ሆኖ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ኮማንድ ማስኬድ ይችል ነበር። ክፍተቱ በ0.1.16 ተደፈነ።

ሁለቱ ጉዳዮች ወደተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ከመጀመሪያው የሚያድነው አለማደስ ነው፣ ከሁለተኛው የሚያድነው ማደስ። ስለዚህ የቨርዥን ቁጥሩን በግልጽ ጽፋችሁ ቆልፉ፤ «ሌተስት» ብላችሁ በኤንፒኤክስ (የኤንፒኤም ጥቅል አውርዶ በሚያስነሣው ኮማንድ) አታስነሡ። ስታድሱ ደግሞ በሁለቱ ቨርዥኖች መካከል ምን እንደተቀየረ አንብባችሁ አድሱ። ትንሽ ሰርቨር ጥቂት መቶ መስመር ነው፤ ይነበባል። ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ወደ ውጭ የሚሄዱ የኔትወርክ ጥሪዎችን፣ የሼል ኮማንድ የሚያስነሡ ቦታዎችንና ሲጫን በራሳቸው የሚሠሩ ስክሪፕቶችን ፈልጉ። ለስኪልም ይኸው ነው፤ ጽሑፍ ስለሆነ ብቻ አይታመንም። ስክሪፕቶቹንና ገጹ ላይ የማይታዩ ኮሜንቶችን ሳይቀር ጥሬውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

ፕሮግራመሩ ሳይመን ዊሊሰን እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የገለጸው ጥምረት ለዚህ ሁሉ ምርጡ መለኪያ ነው፦ የግል መረጃ ማግኘት፣ ያልታመነ ጽሑፍ ማንበብ፣ ወደ ውጭ መላክ መቻል። ሦስቱ በአንድ ኤጀንት ላይ ከተገናኙ፣ አንድ የማታውቁት ሰው ቲኬት ላይ የጻፈው ዐረፍተ ነገር ምስጢራችሁን ሊያስወጣ ይችላል። እያንዳንዱ ሰርቨር ለብቻው ደኅና ሆኖ ሳለ ጥምረቱ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ ስትጨምሩ ቀድሞ ከተጫኑት ጋር አብራችሁ መዝኑት።

ዳታቤዝን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ንባብ ብቻ» የሚል ሰርቨር ላይ አትደገፉ። ሰርቨሩ ንባብ ብቻ የሆነ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ጥቅል) ከፍቶ የኤጀንቱን ጥያቄ ውስጡ ቢያስገባ፣ ጥያቄው «ኮሚት» በሚል ቃል ጀምሮ ትራንዛክሽኑን ከዘጋው በኋላ የሚከተለው ትእዛዝ ያለ ገደብ ሊሠራ ይችላል። ገደቡ መኖር ያለበት ዳታቤዙ ላይ ነው፦ ለኤጀንቱ የተለየ ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ የማንበብ መብት ብቻ ስጡት፣ የደንበኞች የግል መረጃ ያለባቸውን ሠንጠረዦች ከልክሉት፣ ለጥያቄም የጊዜ ገደብ አድርጉ። ቢቻል ከዋናው ዳታቤዝ ሳይሆን ከቅጂው ጋር ይገናኝ።

የራስ ሰርቨር መቼ?

የውስጥ ሲስተም ሲሆን፣ የተርሚናል ፕሮግራም ሳይኖረው፣ ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀምበት ሲሆን። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ስክሪፕት ይበቃዋል።

ስትጽፉት መሣሪያዎቹን በኤፒአዩ መንገዶች ልክ ሳይሆን በሥራው ልክ ቁረጡ። የትእዛዝ ሁኔታ ለማወቅ ደንበኛውን ፈልግ፣ ትእዛዞቹን ዘርዝር፣ ክፍያውን አምጣ፣ ታሪኩን አምጣ የሚሉ አራት መሣሪያዎች ካሉ ኤጀንቱ አራት ጊዜ ይጠራል፣ በየመካከሉም ሊሳሳት ይችላል። የትእዛዝ ቁጥር ተቀብሎ ሁኔታውን፣ የክፍያውን ውጤትና የመጨረሻዎቹን አምስት ክስተቶች የሚመልስ አንድ መሣሪያ ይሻላል። ከሦስት እስከ አምስት መሣሪያ ለመነሻ በቂ ነው። የተወሰኑ እሴቶችን ብቻ የሚቀበል ግቤት እሴቶቹን በስኪማው ውስጥ ይዘርዝር። የስህተት መልእክቱ ቀጥሎ የሚደረገውን ይናገር፦ «400» ከማለት «ቀኑ በዓመት-ወር-ቀን መልክ ይግባ» ማለት ኤጀንቱን በሁለተኛው ሙከራ ያስተካክለዋል።

በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚነሣ ሰርቨር ሳይገናኝ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው ሎግ ወደ ስታንዳርድ አውትፑት (ፕሮግራሙ ውጤቱን ወደሚያወጣበት መስመር) መጻፍ ነው፤ ያ መስመር የጄሰን-አርፒሲ መልእክቶች ብቻ መተላለፊያ ስለሆነ አንዲት የማረሚያ ጽሑፍ ግንኙነቱን ትሰብራለች። ሎግ ሁሉ ወደ ስታንዳርድ ኤረር (ለስህተት መልእክት ወደተለየው መስመር) ይሂድ። እናንተ ያልጻፋችሁት ላይብረሪ በራሱ የሚያትመው ሰላምታም ያው ጥፋት ያመጣል። ቀጥሎ የፋይል መንገድ ነው፦ ኤጀንቱ ሰርቨሩን ከየትኛው ፎልደር እንደሚያስነሣው ስለማይታወቅ ሙሉውን መንገድ ስጡት። ተርሚናላችሁ ላይ ያሉት የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች ሁሉ ላይደርሱት ስለሚችሉም የሚፈልጋቸውን በማስተካከያው ውስጥ ስጡት፤ የመግቢያ ቁልፉን ግን ወደ ጊት በሚገባ ፋይል ውስጥ አትጻፉ። ከኤጀንቱ ጋር ከማገናኘት በፊት በኤምሲፒ ኢንስፔክተር (በኤምሲፒ ሰርቨር መፈተሻ መሣሪያው) ፈትኑት፤ ጥፋቱ የሰርቨሩ ይሁን የኤጀንቱ በዚያ ይለያል።

ልጓም

«ይህን ፋይል አትንካ» የሚል መመሪያ ልመና ነው፤ ሁክ ግን ይከለክላል። ሁክ ኤጀንቱ አንድ ድርጊት ከመፈጸሙ በፊት ወይም በኋላ በራሱ የሚሠራ ኮማንድ ሲሆን ሞዴሉ ሊዘነጋው አይችልም። የእናንተ ደንብ የእናንተ ስለሆነ ሁክ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የራስ ሥራ ነው፤ ደግነቱ በአሥር ወይም ሃያ መስመር ያልቃል።

ክሎድ ኮድ ላይ የተለመደው ስህተት የኤግዚት ኮድ (ኮማንዱ ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር) ነው። ድርጊቱን የሚያግደው 2 ነው፤ 1 ብትመልሱ እንደ ተራ ስህተት ይመዘገብና ድርጊቱ ይቀጥላል። ከ2 ጋር በስታንዳርድ ኤረር የጻፋችሁት ጽሑፍ ለኤጀንቱ ስለሚደርስ የታገደበትን ምክንያትና አማራጩን ጻፉለት፤ አለዚያ በሌላ በር ይሞክራል። በር ስል፦ የፋይል ማስተካከያ መሣሪያውን ብቻ ዘግታችሁ ተርሚናሉን ከተዋችሁ፣ ያንኑ ፋይል በሼል ኮማንድ ሊቀይረው ይችላል። ሁለቱም ላይ ሁክ ይግባ።

ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ ሙሉ ቴስት የሚያስኬድ ሁክ ሥራውን ሁሉ ያዘገየዋል። እዚያ ላይ የተነካውን ፋይል ብቻ ማስተካከልና መመርመር ይበቃል፤ ሙሉው ቴስት ኤጀንቱ ሥራውን ሊጨርስ ሲል ይሂድ። ይህ የማብቂያ ሁክ ደግሞ ኤጀንቱን ቀድሞ አንድ ጊዜ ማስቀጠሉን የሚነግረውን ምልክት ካላየ፣ ኤጀንቱን ደጋግሞ የሚያስቀጥል ዙር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ማጣመርና መመዘን

ለአብዛኛው ቡድን የሚሠራው ቅንብር ይህ ነው፦ ከአገልግሎቱ ባለቤት የመጣ ግንኙነት ወይም የተርሚናል ፕሮግራም፣ በላዩ ላይ የቡድኑን አሠራር የያዘ የራስ ስኪል፣ በዙሪያው ሁለት ወይም ሦስት ሁክ። ዝግጁውን ለመቀየር ኮዱን ገልብጦ የራስ ማድረግ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያውን መከታተል የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ጥቅሙን በስሜት አትለኩት። ቀድሞ ከተዘጉ እውነተኛ ሥራዎች ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ምረጡ፤ ሪፖውን (የፕሮጀክቱን የኮድ ማከማቻ) ሥራው ከመሠራቱ በፊት ወደነበረበት ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ሁኔታ) መልሱ፤ ተጨማሪው ኖሮም ሳይኖርም አስኬዱ። የሞዴል መልስ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ድገሙ። ቴስቱ አለፈ ወይ፣ ስንት ቶክን ሄደ፣ ሰው ስንት ጊዜ ማረም ነበረበት የሚሉትን መዝግቡ። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ይህንኑ ድገሙ፤ ትናንት ለሞዴሉ ድክመት ተብሎ የተጻፈ ስኪል ዛሬ እንቅፋት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ልዩነት ያላመጣው ይውጣ። ስታወጡት ከፕሮጀክቱ ማስተካከያም፣ በተጠቃሚ ደረጃ ካለውም አጥፉት፤ በሁለቱም የተመዘገበ ከሆነ ከአንዱ ብቻ ቢጠፋ መሥራቱን ይቀጥላል። ፕለጊን ከነበረ ይዟቸው የመጡት ሁኮች አለመቅረታቸውን ተመልከቱ። የሰጣችሁትን የመግቢያ ቁልፍም ከኮምፒውተራችሁ መሰረዝ ብቻ ስለማይበቃ፣ አገልግሎቱ ላይ ገብታችሁ ሰርዙት።